ከእሁድ ወደ ማክሰኞ

ባለቤቴ ሰው መጠየቅ አይሆንለትም። ሱቅ ገብቶ የፈለገውን ካጣ ባዶ እጁን ይወጣል እንጂ ሠራተኛ አይጠራም። መንገድ ከጠፋበት ኮልፋክስ የሚባለውን ረጅም ጎዳና ከዴንቨር አውሮራ ይመላለስበታል እንጂ መስኮት ዝቅ አድርጎ አይጠይቅም። እሱ ይሉኝታ ይለዋል፤ እኔ ግትርነት እለዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ከተጋባን ጀምሮ ተስማምተን አናውቅም።

በዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ አውሮራ ውስጥ በሚገኝ አንድ ነርሲንግ ሆም ይሠራ ነበር፤ አዛውንቶችን ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያጎርሳል። እኔ ደግሞ ዳውንታውን ዴንቨር፣ ለሕክምና ተቋማት የሠራተኛ ፈረቃ የሚደለድል ሶፍትዌር የምትሸጥ ትንሽ ኩባንያ ውስጥ ፕሮግራመር ነበርኩ። የእሱ መሥሪያ ቤት ከደንበኞቻችን አንዱ ስለነበር፣ ስኬጁሉ ደስ ባላሰኘው ቁጥር እቤት ሲገባ ተጠያቂዋ እኔ ነበርኩ።

ቅር የሚያሰኘው አንድ ነገር ነበር፦ እሁድ። እኔ ቅዳሜና እሁድ አርፋለሁ፣ እሱ ማክሰኞና ረቡዕ። ልጃችን አራት ዓመት እስኪሞላት ሦስታችን አንድ ላይ የዋልነው ወይ በዓል ሲሆን ወይ አንዳችን ስንታመም ነበር።

አንድ ጊዜ የጓደኛችን ልጅ ክርስትና እሁድ ዋለ። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሲብሰለሰል፣ አንዲት የሥራ ባልደረባው ወሬውን ሰምተው እኔ ልተካህ አሉት። በዕድሜ እናቱ ሊሆኑ የሚችሉ ሜክሲካዊት ናቸው፤ በእንግሊዝኛ አንቺና እርስዎ የሚባል ነገር ባይኖርም፣ እቤት ሲያወራልኝ "እሳቸው" ነው የሚላቸው፤ እኔም ለመድኩ። እሳቸው የእሱን እሁድ፣ እሱ የእሳቸውን ማክሰኞ ሊሠሩ ተስማሙ። ለዚያ ሳምንት ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ስኬጁል እሁድን አሁንም ዕረፍት አደረገለት። በሚቀጥለውም እንዲሁ።

"ስህተት ይሆናል። ሱፐርቫይዘሯን ለምን አትጠይቃትም?" አልኩት።

"ምን ብዬ? ለምን እሁድ ኦፍ ሰጠሽኝ ልበላት? አዝናልኝ ይሆናል።"

ለመጀመሪያ ጊዜ በይሉኝታው ተስማማሁ።

ደስ የሚሉ እሁዶች ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲቲ ፓርክ ሐይቁ ዳር እንሄዳለን። ልጃችን ዝይ ታሳድዳለች፣ ዝይዋ ዞር ብላ ስታሳድዳት ደግሞ አባቷ ትከሻ ላይ ትወጣለች። በረዶ ሲጥል እቤት ውለን ሽሮ እንበላለን፤ እሱ ሶፋ ላይ ያንቀላፋል፣ እሷ በአሻንጉሊቷ ማበጠሪያ ጸጉሩን ታበጥርለታለች። "ቱዴይ ኢዝ ዳዲ ዴይ" ትለኛለች። ምንም የተለየ ነገር አልሠራንም። እንዲያ ደስተኛ ሆኜ ግን አላውቅም ነበር።

ከወራት በኋላ ከሌላ ደንበኛ አቤቱታ መጣ። አንዲት ነርስ አንድ ሌሊት ብቻ ብትቀያየር፣ የወደፊት ሌሊቶቿ በሙሉ አብረው ተቀየሩ። ጉዳዩን እንድመረምር ለእኔ ተሰጠኝ። ፕሮግራሙን ከእኔ በፊት የጻፈው ሰው፣ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ፣ የአንድን ሠራተኛ "እሁድ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት" የሚለውን የጊዜ ክልል አንድ ቦታ ብቻ አስቀምጦታል፤ የየሳምንቱ እሁድ ሁሉ ወደዚያው ወደ አንዱ ይጠቁማል። ሁለት እህትማማቾች አንድ ሹራብ እንደሚጋሩት ነው፤ አንዷ እጅጌውን ስታሳጥር የሌላዋም ያጥራል። ሱፐርቫይዘር አንዱን እሁድ ወደ ማክሰኞ ስትለውጥ፣ ሳታውቀው እሁድ የተባለውን ሁሉ ትለውጣለች።

ለማረጋገጥ አንድ የሌለ ሠራተኛ ፈጥሬ አስገባሁና አንዱን እሁዱን ወደ ማክሰኞ ለወጥኩ። ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ማክሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ማክሰኞ ሆነ።

"የእኛ እሁድ ነው እኮ" አልኩ በአማርኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አጠገቤ የሚቀመጠው ሰውዬ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም። የጊዜ ክልል እንደ ቁጥር መሆን አለበት አልኩ። ሰባት ላይ አንድ ብንደምር ስምንት እናገኛለን፤ ሰባት ግን ሰባትነቱን አይተውም፣ እኛ ስለደመርንም ሰባት ልጆች ያሏት ሴት ስምንተኛ አትወልድም። አንድ የጊዜ ክልል መነሻውና መድረሻው አንዴ ከተወሰነ ማንም አይነካውም፤ ሌላ የፈለገ ሌላ አዲስ ይፍጠር፣ የድሮው እንዳለ ይቀመጥ። አለቃዬ "ሜሞሪ ይጨርስብናል" ብሎ ተከራከረኝ። እኔ ግን በዚያ ቀን ለክርክር የሚበቃ ንዴት ነበረኝና እሱ እጁን ሰጠ።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ጥገና አይመልሰውም። የድሮው ፕሮግራም አዲሱን ጊዜ በቀድሞው ላይ ጽፎበታል፤ ባለቤቴ እሁድ ይሠራ እንደነበር ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አያውቅም። ለደንበኞች ማሳሰቢያ ይላካል፤ ይሁንና ሠራተኞቹ ራሳቸው ዝም ካሉ ማን ያየዋል? ዝም ብል እሁድ የእኛ ሆኖ ይቀራል። አውቶቡስ ላይ እስከ አውሮራ ድረስ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

እቤት ስደርስ ዩኒፎርሙን ይተኩስ ነበር። ልቤ ዝም በይ እያለኝ አፌ ቀደመኝ።

"እሁድን ሱፐርቫይዘሯ አልሰጠችህም። የፕሮግራሙ ስህተት ነው።"

"ፊክስ አደረግሽው?"

"ፕሮግራሙን አዎ። የአንተን ግን ካልነገርናቸው ማንም አያውቅም።"

ካውያውን አቆመው። "ታዲያ እሳቸውስ?" አለ። "የኔን እሁድ የሚሠሩት እሳቸው አይደሉ? እኔ እኮ ወደውት መስሎኝ ነበር።"

እኔ እሁዱን እንደ ምርቃት ነበር የያዝኩት። ከማን እንደተወሰደ አንድ ቀንም አላሰብኩም።

በማግስቱ ጠየቃቸው። ማታ ጃኬቱን ሳያወልቅ ኩሽናው በር ላይ ቆሞ ነገረኝ። ሴትዮዋ ቅጣት መስሏቸው ነበር። አንድ ቀን በበረዶ ምክንያት አርፍደው ነበርና፣ በዚያ ሰበብ እሁዳቸውን የተቀሙ መስሏቸው፣ ሌላ እንዳይጨመርባቸው አፋቸውን ዘግተው ከርመዋል። ድሮ እሁድ እሁድ ልጆቻቸው ተሰብስበው እሳቸው ያበስሉላቸው ነበር፤ አሁን ልጆቹ ያለ እሳቸው ይበላሉ።

"ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ ነበር አሉኝ" አለ ባለቤቴ። ዓይኑ ቀልቷል። እኔም አፈርኩ፤ እሁዳችንንም በሆዴ ተሰናበትኩት።

"ከዚያስ?"

"ይዣቸው ሱፐርቫይዘሯ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳት። እዚያው ስኬጁሉን ቼክ አድርጋ መለሰችላቸው።"

"ጥሩ አደረግክ" አልኩት። ከልቤ ነበር።

"ከዚያ፣ አንተስ የትኛው ቀን ይሻልሃል አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"እሁድ ከቤተሰቤ ጋር ብውል ደስ ይለኛል አልኳት። አፌ ላይ መጣ፣ ተናገርኩት።" ራሱንም የገረመው ይመስል ነበር። "ምን አለች መሰለሽ? በሥራ ቀን ክላስ ያላቸው ሁለት ተማሪ ሠራተኞች የእሁድ ሺፍት ስጪን እያሉ ይለምኑኛል አለች። ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም አለችኝ።"

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ልጃችን ለምን እንደምንስቅ ሳታውቅ መጥታ እግሩን አቀፈችው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እሁድ በደንቡ የእኛ ሆነ፤ ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ራት ላቀርብ ተነሥቼ ሳህኖቹን እንደያዝኩ ግን እግሬ ቆመ። ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ እሱ ሳይኖር ያለፉት እሁዶች ሁሉ መጡብኝ። ማንም አልከለከለንም ነበር።