ቅቤ የጠጣው መቃን

ወሬው የደረሰኝ ዙህር ሰግጄ መስገጃዬን ሳጥፍ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ ቀቢ፣ ጋሽ ይማም፣ ደጃፌ ላይ ቆመዋል።

"ዘይኑ፣ የእትዬ ከድጃ መቃን አልደረቀም" አሉኝ። "የሙሽራው አጎት ተደግፈውት ጀለቢያቸው ተጣብቋል። ሲላቀቅ ድምፅ ነበረው አሉ።"

ብቻዬን የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ብሩሽ ሳጥብና ስቱኮ ሳቦካ ነው የቆየሁ። ያን ሐሙስ ጋሽ ይማም የቀለሙን ቆርቆሮ ሰጥተውኝ "ቢስሚላህ ብለሽ ጀምሪ" ብለው ሄዱ። የጽድ በር ነው፣ ፊቱ ወደ ሐይቁ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ ከዘይት ቀለም በፊት የሚቀባውን ፕራይመር ቀባሁ። ከዚያ ውጫሌ ሌላ ሥራ ነበረንና ሄድን። ስንመለስ ሰኞ ነው፤ ሙሽራዋ የምትገባው እሑድ።

"እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ እኔ እጨርሰዋለሁ" አሉ ጋሽ ይማም። "አንቺ ወደ ብሩሽ ማጠቡ ትመለሻለሽ።"

እትዬ ከድጃ፣ የሙሽራው እናት፣ በር ላይ ተቀበሉኝ። "የኔ አለም፣ እኛ በር ቀቢ አልን እንጂ የዝንብ ወጥመድ ሥሪ አላልንም።" እውነትም ሦስት ዝንቦች ተለጥፈዋል።

መጀመሪያ የሐይቁን ጭጋግ ጠረጠርኩ። የግራው መቃን ግን ደርቋል፤ ጭጋጉ ያው ነው። ቀለም ማቅጠኛውን አኳራጅ አብዝቼ ይሆን ብዬ ከዚያው ቆርቆሮ ቁራጭ ጣውላ ላይ ቀባሁ። በማግስቱ ጠዋት ደርቆ አገኘሁት። ቆርቆሮውም ነጻ ወጣ። በሩን ከላይ እስከ ታች በጣቴ ነካሁት። የሚያጣብቀው የቀኙ መቃን ብቻ ነው፣ እሱም ከትከሻ እስከ ራስ ድረስ ያለው።

"እትዬ፣ እዚህ ጋ ምን ተቀብቶ ያውቃል?"

"ምን ይቀባል? ምንም።" ወዲያው ሳቃቸው መጣ። "ቅቤ ነዋ። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ቀብቻለሁ። አማቴም ቀብተዋል፣ የትልቁ ልጄ ሚስትም። ሳትቀባ የገባች የለችም።"

ይህን እኔ ማጣት አልነበረብኝም። የአክስቴ ልጅ ስትዳር ቅቤውን የያዝኩላት እኔው ነኝ። ወጉን ቤቴ ትቼ ብሩሽ ብቻ ይዤ ሄጄ ኖሯል።

እንጨቱ ስንት ዘመን ስብ ጠጥቷል። በደረቁ መፈግፈጌ አላወጣውም፣ ጭራሽ አሽቶ አስገባው። ፕራይመሩን በስፓቱላ ላጥኩ። ጨርቅ በቲነር እየነከርኩ ጠረግኩ፤ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ እየቀየርኩ፣ ንጹሕ እስኪወጣ። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩት። ሲደርቅ ውሃ ጠብ አደረግኩበት። እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ስብ አለ ማለት ነው። አልተንከባለለም፣ ሰረገ። ረቡዕ ስስ አድርጌ ቀባሁ፤ ሐሙስ ጣቴን አልያዘም። ዓርብ ዘይት ቀለሙን ደረብኩ።

እሑድ ሙሽራዋ ቅቤ በእጇ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሠርገኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ዘይኑ፣ ትቀባ ወይስ ትለፍ?" አሉ ጋሽ ይማም።

"ትቀባ። ቀለሙ ከሥር ደርቋል፤ ቅቤው ወደ እንጨቱ አይገባም፣ በጨርቅ ይጠረጋል።"

ቀባች፣ እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ይማም ኋላ መቃኑን ነክተው ጣታቸውን አሸተቱ። "ቅቤ ብቻ ነው" አሉ። "ነገም ብሩሹን አንቺው ያዢ።"

አሁን የምኖረው ጅግጅጋ ነው። እዚህ አየሩ ደረቅ ነው፣ ቀለም ቶሎ ይደርቃል። ቢሆንም ቆርቆሮ ሳልከፍት ባለቤቱን እጠይቃለሁ፦ ይህ እንጨት ምን ተቀብቶ ያውቃል? አንዱ ለምስጥ ብሎ የተቃጠለ ዘይት ቀብቶት ይሆናል፣ አንዷ ቅቤ። ፕራይመር አንድ ቦታ ላይ ብቻ አልደርቅ ካለ፣ ነገሩ ያለው እንጨቱ ውስጥ ነው።

በዚያ ሠርግ የነበራችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እዚያ ቤት ስታልፉ የቀኙን መቃን በጣታችሁ ነክታችሁ እንዴት እንደሆነ ላኩልኝ። የጀለቢያውን ባለቤትም ካገኛችኋቸው ዘይነባ አውፍ ይበሉኝ ብላለች በሏቸው። ያን ቀን ከሠርገኛው መሀል አይቻቸው አፍሬ ተደበቅኩ።