የሰይድ ግራ ጉንጭ

ልቤ ደህና መምታቷን ትታ መዝለል ከጀመረች ቆይታ ነበር። አንዴ ትሮጣለች፣ አንዴ ቆም ትላለች፣ ደግሞ እንደ ተያዘች ወፍ ደረቴ ውስጥ ትርገበገባለች። የሮቢት ሙቀት ነው ብዬ ተውኳት። በዚህ ዕድሜዬ ልቤ ደንገጥ ደንገጥ አለች ብል ባል ፈለገች ነው የሚሉኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፣ እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

የዚያን ቀን ማንጎው ጥላ ሥር ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ሽንኩርት እየለቀምን ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ የሚያስቅ ሰው ከሌለው አያልቅም፤ እኔም ግራ ጉንጬን ነፍቼ ጎረቤታችንን ሰይድን እየሆንኩ አስቃቸው ነበር። ሰይድ ጫት ሲቅም ግራ ጉንጩ የጠገበች ፍየል ሆድ ያህላል።

ሽንኩርቱ ከቀኝ እጄ ወደቀ። ላነሳው ፈለግኩ። እጄ እንቢ አለ። ልናገር አልኩ። አፌ ተጣመመ። ሴቶቹ ሳቁ። ፈራሁ። እነሱ የባሰ ሳቁ።

"ወላሂ ዛሬስ ራሱን ጋሽ ሰይድን ሆነች" አለች ምራቴ ሐዋ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ሰይድ ራሱ በዚያ ሲያልፍ አየኝ። ሊቆጣ ነው ብለው ሁሉም ወደ ሽንኩርታቸው አቀረቀሩ።

"የኔ ግራው ነው" አለ።

"ምኑ?" አለች ሐዋ።

"ጉንጬ ነዋ። ይሄን ያህል ዘመን ስትቀልድብኝ ጎኑን ስታው አታውቅም። አሁን የወረደው ቀኟ ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ባጃጅ ጥሩ።"

አንዷ የቀትር ጅን ነው፣ ሼሁ ጋ እንውሰዳት አለች። ሐዋ ከመካ የመጣውን የዘምዘም ውሃ ልታጠጣኝ ሮጠች።

"ዱዓውን ባጃጅ ላይ እናደርሳለን" አለ ሰይድ።

ሮቢት ጤና ጣቢያ አይተውኝ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ላኩኝ። እዚያ ጭንቅላቴን ሲቲ ስካን አነሱኝ። ሐኪሟ አጠገቤ ቁጭ አለች።

"እናቴ፣ ደም አልፈሰሰም፤ ደም ስር ነው የተደፈነው። የልብዎ ምት የተዘበራረቀ ነው፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። ልብ በደንብ ካልገፋችው ደም እዚያው ይረጋል። የረጋው ነው ሄዶ አንጎልዎን የዘጋው።"

"ታዲያ ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት አሁኑኑ ስጫት" አለች ሐዋ።

"አሁን ብሰጣቸው የተጎዳው ቦታ ሊደማ ይችላል። ጥቂት ቀን አይተን እንጀምራለን።"

"ትናገራለች?"

"አላውቅም" አለች ሐኪሟ።

ያቺ ቃል ገደለችኝ። እጄ ባይመለስ የሚያጎርሰኝ አላጣም። ያለ ምላሴ ግን እኔ ማን ነኝ?

ሰይድ ሊጠይቀኝ መጣ። ሆስፒታል ጫት አይቃምም፤ ጉንጩ ሙልጭ ብሏል፣ ሌላ ሰው መስሏል። አየሁት። የምለው መጣልኝ፣ ላወጣው ታገልኩ።

"ጉንጭህ... የት... ሄደ?"

ሐዋ ሳቀች። ሰይድ ግን ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ፣ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም የሚያቀጥን ኪኒን ጀመርኩ፣ ከድኜ ትቼው የነበረውን ወሬ ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣሁ ምላሴን አፍታታኋት፣ እጄም ቀስ እያለ ተመልሶ ይኸው ዛሬ ሽንኩርት ይለቅማል፣ ሲያሻውም ሐዋን ይቆነጥጣል።

እናንተ የኔ ብጤዎች፣ ልባችሁ ከዘለለች በሙቀት አታሳብቡ፣ ሐኪም ጋ ታዩ። ፊት ከወረደ፣ እጅ ከዛለ፣ አፍ ከተያዘ አትጠብቁ፣ ሆስፒታል ሩጡ። በሽተኛውን ምንም አታጠጡት፤ ዘምዘምም ቢሆን ትን ይለዋል አሉኝ። ኪኒኑን ዳንኩ ብላችሁ አታቋርጡ፣ የደሙን ቅጥነት ከሚያዩበት ምርመራ አትቅሩ፣ ጎመን የኪኒኑን ጉልበት ይለውጣልና አንድ ሰሞን ጠግባችሁ አንድ ሰሞን አትተዉ። ረመዷን ሲመጣ የኪኒኑን ሰዓት በራሳችሁ አታዛውሩት፤ እኔ ሐኪሟን ጠይቄ ካፈጠርኩ በኋላ የምውጠው አድርጌዋለሁ።

አልሐምዱሊላህ። ሐኪሟን አላህ ከክፉ ይጠብቅልኝ። ሰይድንም፣ ጉንጩንም።

አሁንም እሱን እየሆንኩ አስቃለሁ። እሱ ግን መጀመሪያ የጉንጬን ጎን ያያል። ግራው መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው የሚሰድበኝ።