አሮጌው ይጠገን አልኩ

ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለው ረቡዕ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ልጄ የአንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እየጻፈች ሳለ ስክሪኑ ጠቆረ። ብታበራው ትንሽ ይነሣና መልሶ ድርግም ይላል። እኔ እንደ ወትሮዬ ከጎኗ ተቀምጬ ጥጥ እፈትል ነበር። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚያ ዕቃ የማውቀው ነገር የለም። የልጄ እንጀራ ግን እሱ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ዐሥረኛ ክፍል ከጨረሰች ወዲህ ሰዎች ማመልከቻና የሰርግ መጥሪያ ሊያስጽፉ ቤታችን ድረስ ይመጡላት ነበር። ዕቃውን ከአንድ መሥሪያ ቤት ሐራጅ ነው የገዛነው፤ ያኔም አሮጌ ነበር።

ልጄ ተነሥታ ከልብሷ ሥር አንድ ትንሽ ደብተር የሚመስል ነገር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ፓስፖርት ነው። መቼ እንዳወጣችው አላውቅም።

«ካልተሠራ አረብ አገር እሄዳለሁ፣ እማዬ» አለች። «ትንሽ ሠርቼ አዲስ እገዛለሁ።»

ከሰፈራችን የሄዱት ሁሉ አልተመለሱም፤ የአንዷንማ ሬሳ ተቀብለን ቀብረናል።

በማግስቱ የባለቤቴ ታላቅ እህት መጡ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በቤታችን ጉዳይ የሚሰማው የእሳቸው ቃል ነው። የእሳቸውም ልጅ አረብ አገር ናት። ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቤታቸውን በቆርቆሮ አሠርታለች፣ ቴሌቪዥን ልካለች።

ኮምፒውተሩን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «የሞተ በሬ ስሙን ቢጠሩት አይነሣም» አሉ። «አዲስ ነው የሚያስፈልግ። ልጅቱ ትሂድ። ደላላውን እኔ አነጋግረዋለሁ።»

«አሮጌው ይጠገናል፣ እትዬ።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መሐንዲስ የሆንሽው?»

«አልሆንኩም። ግን ላም ታመመች ተብሎ ጥጃዋ አይሸጥም።»

«ልጄ የላከችልኝን ቴሌቪዥን አላየሽም?»

«አይቻለሁ። እሷስ ውስጡ ትታያለች?»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ባልተናገርኩት ኖሮ ብያለሁ፤ ቢሆንም ሄጄ ይቅርታ አልጠየቅኩም።

የዚያኑ ዕለት የኮምፒውተሩን ሣጥን ከስክሪኑ አስፈትቼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አዘልኩት። ልጄ አፍራ ራቅ ብላ ከኋላዬ ተከተለችኝ። ገበያው መግቢያ ላይ ድንች የምትሸጥ ሴት ጀርባዬን አየችና፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለችኝ።

«ገና አልማረችኝም» አልኳት።

ገበያው ዳር ራዲዮ ሲጠግኑ ያረጁ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ አሉ፤ አሁን ስልክም ኮምፒውተርም ይሠራሉ። ሣጥኑን ከፈቱና ሳቁ። «እዚህ ውስጥ በግ ሸልታችኋል እንዴ?» አሉ። ማቀዝቀዣ ማራገቢያው በነጭ ነገር ታፍኗል። ቆንጥረው አወጡና መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። አወቅሁት። ልጄ ስትጽፍ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጎኗ ስፈትል፣ ሣጥኑ የጥጤን ብናኝ ሲስብ ኖሯል።

ዝም ብል አቧራ ነው ተብሎ ይቀር ነበር። ልጄ ግን የሱቁ በር ላይ ደርሳ ቆማለች።

«ጥጡ የእኔ ነው» አልኩ። «ያፈንኩት እኔ ነኝ።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«እንግዲያው በሽታው ታወቀ» አሉ ሽማግሌው። «ሙቀት ነው የጣለው። እጠርገውና ማራገቢያውን እለውጠዋለሁ። ግን እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዕቃው አርጅቷል። ዓመት ይሥራ፣ ወር ይሥራ፣ አላህ ያውቃል። የምትገዥበት ካለሽ አዲስ ይሻልሻል።»

«የምገዛበት እሷ ናት» አልኩ፣ በአገጬ ወደ በሩ እያሳየሁ።

ልጄን አዩዋት። መፍቻቸውን አነሡ።

ኮምፒውተሩ ተነሣ። እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ለመከፈትም ጊዜ ይፈጅበታል፣ ግን ይሠራል። ቅዳሜ ደላላው መጣ፤ እትዬ ልከውት ነው። ልጄ ውስጥ ትጽፋለች። በሩ ላይ ጠበቅሁት።

«ዕቃው ሞተ ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለ።

«ጆሮ ካለህ ስማው።»

«ነገ ቢበላሽስ፣ እናቴ?»

«ነገ ቢበላሽ ነገ እናሠራዋለን።»

መቃኑን በሁለት እጄ ያዝኩ። እሱ ሳቅ አለና ድምፁን ከፍ አደረገ። «እርስዎን ምን አስጨነቀዎት? ፓስፖርቱ የእሷ ነው፣ እሷ ትናገር።»

እውነትም የእሷ ነው፤ አልደበቅሁባትም፣ አልቀደድኩባትም። ከውስጥ የቁልፎቹ ድምፅ ቆመ።

«እማዬ» አለች ልጄ፣ «በሩን ዝጊው እስቲ፣ ብርድ ገባብኝ።»

ዘጋሁበት።