ለመስከረም የተመረጠው ፎቶ

የኮላ ሽታ አልወድም። ባለፈው ሳምንት ልጄ የትምህርት ቤት ሥራ ተሰጥቷት ከድሮ መጽሔት የዛፍና የወፍ ሥዕል እየቆረጠች ካርቶን ላይ ስትለጥፍ፣ ያ ጎምዘዝ ያለ ሽታ ከሳሎን ተነሥቶ ማድ ቤት ድረስ መጣብኝ። «ክደኚው» አልኳት። «ገና አልጨረስኩም እኮ እማዬ!» አለች። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጬ ጓሮ ወጣሁና ጥቂት ቆሜ ተመለስኩ። ለእሷ ምክንያቱን አልነገርኳትም። ለአንቺ ግን ልንገርሽ።

ቦንጋ ሳለን አባቴ በየዓመቱ የቀን መቁጠሪያ በእጁ ይሠራ ነበር። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር ስለነበር ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። በመሥሪያ ቤቱ መኪና፣ መኪናው ሲበላሽ በበቅሎ፣ በቅሎ ሲታጣ በእግሩ ደካ ይሄዳል፣ ዋጫ ያድራል፣ በማንኪራ በኩል ጫካውን አቋርጦ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይመለሳል። ከታላቅ ወንድሙ የተረፈች አሮጌ ካሜራ አንገቱ ላይ ትንጠለጠላለች። «ለሪፖርት ነው» ይላል እንጂ አንድም ቀን ሪፖርት ውስጥ ፎቶ ሲያስገባ አላየሁም። የሚያነሣው ጉም የዋጠው ዝግባ፣ ቅርንጫፍ ላይ የተኮፈሰ ጉሬዛ፣ ጫካ ውስጥ የቀላ ቡና፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ፣ ከዝናብ በኋላ እንፋሎት የሚወጣው የእንሰት ማሳ ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ በሹፌር እጅ ጅማ ይላክና ታጥቦ ይመጣል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አባቴ ከእናቴ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። የእናቴ ወላጆች ከሸዋ ለንግድ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ ሱቁን ያወረሷትም እነሱ ናቸው። ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ደብተር ትሸጥ ነበር። የቀን መቁጠሪያው የሚሰቀለው እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ገዢ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ነው። ከገጠር ለገበያ የመጣ ሰው «ይቺ የኛ ወንዝ አይደለችም?» ብሎ ጣቱን ሲቀስር የአባቴ ፊት ይበራ ነበር።

አሥራ ሦስት ገጽ ነው። ለጳጉሜ ትንሿ ፎቶ ትበቃታለች። ሌላውን እየተከራከርን እንመርጣለን፤ ለሐምሌ የሞላ ወንዝ፣ ለኅዳር ቡና፣ ለሚያዝያ አበባ። መስከረም ግን የአባቴ ነው፤ የዓመቱ ምርጥ ፎቶ እዚያ ይገባል። አንድ ሕግ ነበረው፤ ሰው አያስገባም። «አንዱን ባስገባ ያልገባው ይቀየመኛል» ይላል።

ያን ሕግ የሻረው ለእኔ ሲል ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከክፍሌ አንደኛ ወጣሁ። «ለመጪው ዓመት መስከረም ላይ የምትወጪው አንቺ ነሽ» አለኝ። ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አጣሁ።

በክፍላችን አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጥ ጓደኛ ነበረችኝ። ትምህርት በተጀመረ ቀን አርፍጄ ስገባ ባዶ የነበረው ቦታ ከእሷ ጎን ያለው ብቻ ነበር፤ ለምን ባዶ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ማንጆ ነበረች። በዚያ አገር ያኔ ማንጆ የሚባሉት ሰዎች በጫካው ዳር ይኖራሉ፣ እንጨትና ከሰል ለከተማው ያቀርባሉ። ከተማው በከሰላቸው ይሞቃል፤ ከእነሱ ጋር ግን ከአንድ ገበታ አይቆርስም። ቤት አይገቡም፣ ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። እናቷ በገበያ ቀን ለኛም ከሰል ታመጣ ነበር፤ እሷም አብራት። እናቴ ከሱቁ ደረጃ በታች ትቀበላቸዋለች፤ አንድም ቀን «ግቡ» ስትል አልሰማሁም፤ እኔም ብዬ አላውቅም።

ሰኔ ላይ ትምህርት እንደተዘጋ አባቴ ጫካው ውስጥ ያለውን ፏፏቴ ከታች ሆኖ ሊያነሣው ፈለገ። ወደ ታች የሚያወርደውን መንገድ የሚያውቅ ግን አጣ። ነገሩን ለጓደኛዬ አጫወትኳት፤ በማግሥቱ ጠዋት ደጃችን ላይ ቆማ አገኘናት። «እኔ አውቃለሁ ጋሼ» አለችው።

እሷ ፊት፣ እኔ መሐል፣ አባቴ ኋላ ሆነን ወረድን። ጫካው እርጥብ ቅጠልና የበሰበሰ እንጨት ይሸታል። አልቅት እግሬ ላይ ተጣብቆ ስጮኽ ጎንበስ ብላ በጥፍሯ አነሣችልኝና «ይኼን ያህል ደም ምን ያደርግልሻል፣ ትንሽ ብትሰጪው!» ብላ ሳቀችብኝ። ድንጋዩ በሚያዳልጥበት ቦታ እጄን አልለቀቀችም። የውኃው ድምፅ ሳናየው ደረታችን ውስጥ ገባ፤ ቀጥሎ ዛፎቹ ተከፈቱና ነጩ ውኃ ፊት ለፊታችን ቆመ። ጭጋጉ ላይ ፀሐይ አርፋበት ነበር።

አባቴ እናቴ የቋጠረችልንን ዳቦ ፈታ። ጓደኛዬ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዳቦ ሲዘረጋላት ሁለት እጇን አጣምራ ወደ ታች ዝቅ አደረገች፤ ሳይነካት ከላይ እንዲጥልላት። አባቴ ደነገጠ። «ኧረ ነዪ ልጄ፣ ከዚሁ ቁረሺ» አላት። መጣች። ከአንድ ዳቦ ሦስታችን በላን። ያን ቀን አባቴን የኮራሁበትን ያህል በሕይወቴ በማንም አልኮራሁም።

ከዚያ «በይ ቁሚ» አለኝ፣ ካሜራውን እያስተካከለ። ፏፏቴውን ከኋላዬ አድርጌ ቆምኩ፤ ሁለት ጊዜ አነሣኝ።

«እኔም ልግባ?» አለች።

«ምን ጥያቄ ነው፣ ግቢ!» አላት አባቴ።

ፎቶ ተነሥታ አታውቅም ነበር። ክንዷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ እንዴት እንደሚሳቅ ጠየቀችኝ። «ዝም ብለሽ ሳቂ» ስላት ከት ብላ ሳቀች፤ እኔንም አሳቀችኝ። ያኔ ነው ካሜራው ቀጭ ያለው።

«የት ነው የማየው?» አለችኝ ዳገቱን ስንወጣ።

«መስከረም ላይ ሱቃችን ነዪ። ግድግዳው ላይ ታገኚዋለሽ።»

ነሐሴ ላይ ፎቶዎቹ ከጅማ መጡ። ለብቻዬ የተነሣኋቸው ሁለቱ ደብዝዘዋል። የሁለታችን ግን እንዴት እንደወጣ ልነግርሽ አልችልም፤ ውኃው እንደ ብር ያበራል፣ ሁለት ሴት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። አባቴ ብዙ አየው። «መስከረም!» ብሎ ከሌሎቹ ለይቶ አስቀመጠው።

እናቴ እጇን በመቀነቷ እያበሰች ገባችና ጎንበስ ብላ አየች። «ይቺ የከሰል ሻጯ ልጅ አይደለችም?»

«ናት» አላት አባቴ።

«ይኼን ነው ሱቄ ውስጥ የምትሰቅሉት?»

«ምን አለበት?»

«እኔ ሰው አልንቅም፤ እግዜር ያውቃል። ግን እንደ እህት ተቃቅፈው ግድግዳዬ ላይ ያየ ሰው ከነሱ ጋር በሉ ሳይለን ይቀራል? ነገ ማን እጄን አምኖ ስኳር ይወስዳል? አንተ ዛሬ ደካ፣ ነገ ዋጫ ነህ። እዚህ ከሰው ጋር የምውለው እኔ ነኝ።»

አባቴን አየሁት። አብረን በልተናል እኮ እንዲላት ጠበቅሁ። አላላትም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ወይ የጉሙን ፎቶ መስከረም ላይ እናድርግና ይኼ ይቅር፤ ወይ ደግሞ...» መቀሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ፎቶው ያንቺ ነው። አንቺው ወስኚ።» ይህን ብሎ ሬዲዮ ሊከፍት ተነሣ።

የጉሙ ፎቶ ቆንጆ ነበር። እሱን ብመርጥ እኔም እሷም አንወጣም፤ ምንም አይደርስም ነበር። ግን ለሁሉም አውርቼ ነበር፤ መስከረም ላይ እንደምወጣ ለሰፈሩ ልጆች፣ ለመምህራችን ሳይቀር ነግሬያለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። መቀሱን አነሣሁና ከላይ እስከ ታች፣ በእሷና በእኔ መሐል ቆረጥኩት። እናቴ ቁራጩን ከሌላው ብጥስጣሽ ጋር ጠርጋ ምድጃው ውስጥ ከከሰሉ ላይ ጣለችው። ተጠማዘዘና ጠቆረ። የቀረውን ኮላ ቀብቼ ካርቶኑ ላይ ለጠፍኩ፤ በእጄ መዳፍ አሸሁት። ከለጠፍኩ በኋላ ነው ያየሁት፤ አራቱ ጣቶቿ ትከሻዬ ላይ ቀርተዋል።

መስከረም በገባ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ከእናቷ ጋር መጣች። ፀጉሯን አዲስ ተሠርታ፣ ቀሚሷን አጥባ ለብሳለች። ከደረጃው በታች ቆማ አንገቷን ወደ ውስጥ አሰገገች። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ነበርኩ። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ሄደ፤ ቆየ። እናቷ በካፊኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«ጅማ ያጠቡት ሰዎች አበላሽተውት ነው» አልኳት። «በአንቺ በኩል ብርሃን ገብቶበት ተቃጠለ።»

«እሺ» አለች። እንደገና ወደ ግድግዳው አየችና «ጣቶቼ ግን ደህና ናቸው» አለችኝ።

ከሰሉን ገለበጡ፣ ባዶ ጆንያቸውን አጣጥፈው ሄዱ።

ትምህርት ሲከፈት ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ለብቻዋ ተቀመጠች። እኔ ቦታዬ ላይ ቀረሁ፤ ተነሥቼ ወደ እሷ አልሄድኩም። በዓመቱ ትምህርቱን ተወችው፤ ተዳረች ተባለ። የቀን መቁጠሪያው ወሩ እስኪያልቅ ተሰቅሎ ሰንብቶ ጥቅምት ሲገባ አባቴ ገጹን ገለበጠው። በዓመቱ ምንም አልሠራም፤ ነጋዴዎች የሚያድሉትን የታተመ የቀን መቁጠሪያ ሰቀልን። ምክንያቱን የጠየቀው አልነበረም። ታሞ አልጋ ላይ ሳለ ብቻ አንድ ቀን፣ ውኃ ላጠጣው ቀና ሳደርገው «መቀሱን ላንቺ መስጠት አልነበረብኝም» አለኝ። ልክ ነህም አይደለህም ሳልለው ሞተ።

አስፋልቱ ቦንጋ ከገባ ወዲያ፣ እኔም ጅማ አስተማሪ ሆኜ ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ ልፈልጋት ተነሣሁ። ባዶ እጄን መሄድ አልፈለግሁም። የአባቴን ሣጥን ከፍቼ ፎቶውን እንደገና ላሳጥብ ፊልሙን ፈለግሁ፤ የቦንጋ እርጥበት በልቶት እርስ በርሱ ተጣብቋል። ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝቼ ሄድኩ።

ቤቷ ከጫካው ዳር ነው፤ ጥቂት የቡና እግር፣ ዛፍ ላይ ሁለት ሦስት ቀፎ። ወፍራ፣ ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ወልቆ፣ አየኋት። ሳቋን ፈለግሁ።

«ታውቂኛለሽ?» አልኳት።

«እንዴት አላውቅዎትም! ይቀመጡ» አለችኝ።

«አንቺ በይኝ እንጂ።»

«እሺ» አለችና «ልጆችዎ ደህና ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የመጣሁበትን መናገር ነበረብኝ። «ፎቶውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ጅማ አይደለም የተበላሸው።»

«አውቄዋለሁ። ጠርዙ የመቀስ ነበር» አለች፤ ቁጣ የለበትም ድምፅዋ። ቀጥላ «ልጅ ነበሩ» አለችኝ። ልጅ ነበርን አላለችም።

ልጆቿ ውስጥ ሆነው ቆጮ በጎመን ይበሉ ነበር፤ ሽታው ይመጣል። ከእነሱ ጋር እንድበላ ለመንኳት። ራሷን ነቀነቀች። ወደ ጓሮ ዞራ ሄደችና በኮባ ቅጠል ላይ ሦስት ሙዝ ይዛ መጥታ፣ ከእኔ አንድ እርምጃ ያህል ራቅ አድርጋ መሬት ላይ አኖረችው።

«ይኼ ይሻልዎታል» አለችኝ። «እጅ አልነካውም። ልጣጩን ራስዎ ይላጡት።»

ላጥኩና በላሁ። እስክጨርስ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ።