ያልተዘጋው የማክሰኞ ስብሰባ

ወሬውን የሰማሁት ድንች እየላጥሁ ሳለ ነው። ስልኩ ሲጮኽ እጄን በሽርጤ ጠርጌ አነሣሁት። የደወሉት የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበሩ፤ ከወንድሜ ጋር ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል።

«ቁጭ ብለሻል?» አሉኝ።

«ቆሜ ነኝ።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ፣ እህቴ።»

አልተቀመጥሁም። «ስንት ሰዓት ላይ ነው ያረፈው?» ብዬ ብቻ ጠየቅኋቸው።

«ዛሬ ጠዋት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ» አሉ። ሦስት ሰዓት ተኩል ወንድሜ የምክር ቤቱን መዶሻ ከቁም ሣጥን የሚያወጣበት ሰዓት እንደ ሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ስልኩን ዘግቼ የጀመርሁትን ድንች ልጬ ጨረስሁ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር።

ወንድሜ የምክር ቤቱ የአዳራሽ አስተናጋጅ ነበር። ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ይበልጣል፤ «ጋሼ» እለው ነበር። ሁለታችንም ሳናገባ በወላጆቻችን ቤት አብረን አረጀን፤ እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሱ የአፈ ጉባኤውን መዶሻ ያወጣና ይመልሳል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሥራው ይኸው ነው። የሰፈር ሰው ስሙን ረስቶ «መዶሻው» ይለዋል።

«መዶሻው፣ ታዲያ ካወጣኸው በኋላ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለህ?» ይሉታል።

«እስኪመለስ እጠብቃለኋ።»

«እግር የለው፣ የት ይሄድብሃል?»

«እናንተ ናችሁ እግር የሌለው ነገር የማይጠፋ የሚመስላችሁ» ብሎ ያልፋቸዋል።

ሥራው ግን የሚመስላቸውን ያህል ቀላል አልነበረም። መዶሻው የሚያድረው በጸሐፊው ክፍል ባለው ቁም ሣጥን፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው። የጨርቁን ጠርዝ የዘመዘምሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ጠዋት ሲያወጣው በመዝገቡ ላይ «ወጣ» በሚለው ሥር ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል። አፈ ጉባኤው አንድ ጊዜ ሲመታ ስብሰባው ይከፈታል፤ ሦስት ጊዜ ሲመታ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ወንድሜ መዶሻውን ወስዶ «ተመለሰ» በሚለው ሥር ይፈርማል። ሁለቱ ፊርማዎች ካልተሟሉ በዚያ ቀን የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ደንቡን ማን እንዳወጣው ወንድሜ አያውቅም። እንደ አባት አደራ ይዞት ነበር።

ከቁም ሣጥኑ እስከ አዳራሹ በር ያለው ኮሪደር አርባ ሁለት እርምጃ ነው። በግድግዳው ላይ የቀድሞዎቹ አፈ ጉባኤዎች ሥዕል ተሰቅሏል፤ ዘጠኝ ናቸው። ማታ ማታ እኔ ቁልፍ ስተክል እሱ እየደጋገመ ስለ እነሱ ያወራኝ ስለነበር ዘመዶቻችን እስኪመስሉኝ ድረስ አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው ገዢው ፊት ቆሞ የጉባኤውን ቃል የሚያደርስ ሰው ነበር። ቃሉ የራሱ ባይሆንም ገዢው ሲቆጣ ፊት ለፊቱ ያገኘው እሱን ስለ ሆነ አንገቱን አስቆረጠው። ሁለተኛው ይህንን አይቶ ሦስት ወር ሙሉ አፉን ዘጋ፤ «በዝምታው ንቆናል» ተብሎ ተሰቀለ። አራተኛውን የገዛ አባላቱ በመስኮት ወረወሩት፤ መስኮቱ ከዚያ ወዲህ በብረት ታጥሯል። ስድስተኛው በተወረወረ የቀለም ጠርሙስ ግራ ዓይኑ ስለ ፈሰሰ፣ በግራ በኩል የተቀመጡት ተራ ነፈገን እንዳይሉት አንገቱን አዙሮ እየተቀመጠ አንገቱ ተጣሞ ቀረ። በአልጋው ላይ የሞተው ስምንተኛው ብቻ ነው። ወንድሜ እሱን አይወደውም ነበር፤ «ይሄ የፈለጉትን የሚመታላቸው ነው» ይላል።

«ምን አድርገው ነው የሚገድሏቸው?» አልሁት አንድ ጊዜ።

«ሁለት ሰው ሲደባደብ መጀመሪያ የሚመታው ማነው?»

«የሚገላግለው።»

«እነሱ ሥራቸው እሱ ነው።»

አሥረኛዋ ሴት ነበሩ። ብዙ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ አጭር፣ ድምፃቸው ግን ከግቢ ግቢ የሚሰማ። ከኋላ የሚንሾካሾክ አባል ካዩ ንግግሩን አስቁመው «ለሁላችንም ንገረን» ይላሉ፤ ሽበታም ሰውዬ እንደ ተማሪ አንገቱን ይደፋል። ወንበሩ ለረጅም ወንዶች የተሠራ ስለ ነበር እግራቸው መሬት አይደርስም። ወንድሜ ይህን አይቶ ከአሮጌው በራችን ሳንቃ የእግር መርገጫ ሠራላቸው። ሲያዩት ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን አሳረፉበት። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ የሚመሩት ጫማቸውን አውልቀው እንደ ሆነ ከወንድሜ በቀር ያወቀ አልነበረም።

ስልኩ ከመደወሉ አሥር ቀን ያህል በፊት፣ በአንድ ማክሰኞ የቀረበው ጉዳይ ገዢው ዕድሜ ልኩን በሥልጣን እንዲቆይ የሚፈቅድ ሕግ ነበር። አፈ ጉባኤዋ አንድ ጊዜ መትተው ከፈቱ፤ አባላቱን ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። «ምልአተ ጉባኤው እንዲሟላ አሥራ አንድ ሰው ይጎድላል። ድምፅ አይሰጥም» አሉ።

የመጀመሪያውን ምት የሰነዘረው በፊተኛው መደዳ የሚቀመጥ ወፍራም አባል ነው። ድምፅ ማጉያውን ከነሽቦው ነቅሎ የጎረቤቱን አፍ መታው። ጥርስ ወለሉ ላይ ተበተነ። ወንበሮቹ በብሎን የታሰሩ ስለ ሆኑ የሚወረወር ያጣ ሁሉ የጠረጴዛውን መሳቢያ እየመዘዘ ተማታ። አንዱ ሽማግሌ አባል ጆሮው ተነክሶ ደሙ በአንገትጌው ሲወርድ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» እያለ እጁን አውጥቶ ይጮኽ ነበር። አፈ ጉባኤዋም በተራው ስሙን መዘገቡለት።

ወዲያው በሩ ተሰብሮ የታጠቁ ሰዎች ገቡ። ድብድቡ ቀጥ አለ። አዛዣቸው ከመድረኩ ሥር ቆመና «ድምፅ ይሰጥና ይዘጋ» አለ።

«እርስዎ አባል ነዎት?» አሉት አፈ ጉባኤዋ።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው እዚህ ቤት ቃል የለዎትም። ውጭ ይጠብቁ።»

ከኋላ መደዳ አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ወንድሜ ሲነግረኝ «የገደላቸው ያ ሳቅ ነው» አለኝ። አዛዡ ሳቁ ወደ መጣበት ዞሮ አየ፤ ከዚያ ሦስቱን ደረጃ ወጣና በጠመንጃው ሰደፍ ጆሮ ግንዳቸውን መታቸው። ከወንበሩ አልወደቁም። ሁለተኛው ምት መንጋጋቸውን ሰበረው። እሳቸው መዶሻውን በጠረጴዛው ላይ ገፉት፤ ተንሸራቶ አጠገባቸው ቆሞ ወደ ነበረው ወደ ወንድሜ መጣ። «አልዘጋሁትም» አሉት። በተሰበረ መንጋጋ ቃሉ በደንብ አልወጣም፤ ወንድሜ ግን ሰምቷል፤ ጸሐፊውም ሰምተዋል። ሦስተኛው ምት ጨረሳቸው። ሲወድቁ ጫማቸው ከመርገጫው አጠገብ እንደ ተጣመረ ቀረ።

ጣሪያው ላይ ተተኮሰ። ኖራው በሰዉ ራስ ላይ ረገፈ። «እጅ ወደ ላይ!» ተባለ፤ ሁሉም እጁን አነሣ። አዛዡ ወደ ጸሐፊው ዞሮ «ቁጠር» አለ። ጸሐፊው ቆጠሩ። ሕጉ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ተብሎ የተጻፈው እንዲህ ነው።

ወንድሜ ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ገባ። የኮቱ እጅጌ እስከ ክርኑ ደም ነበር፤ የራሱ አልነበረም። ልብሱን ተቀብዬው በቀዝቃዛ ውሃ ነከርሁት፤ ደም በሙቅ ውሃ አይለቅም። የሆነውን ሁሉ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። ሲጨርስ መዶሻውን ከብብቱ አውጥቶ በስፌት መኪናዬ መሳቢያ፣ በክሮቹ መካከል አስቀመጠው።

«እቱ፣ ይህን እንዳትነኪው። ሥራ ላይ ነው።»

«ይሄን ይዘህማ ይገድሉሃል።»

«ስብሰባው ሳይዘጋ የት ልመልሰው?»

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ታጣቂዎቹ መጡ። ወንድሜን በግቢው ውስጥ ሽቦ በተጠመጠመበት ዱላ እየደበደቡ ሲያስወጡት እኔን አንዱ ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ያዘኝ። ፍራሹን ቀደዱት፤ ዕቃውን ሰበሩት። አንደኛው መሳቢያውን ከፍቶ መዶሻውን አነሣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የስፌት ነው። ጂንስ ሲወፍር መርፌ ይሰብራል፤ መጀመሪያ በእሱ ተቀጥቅጦ ይተኛል» አልሁት። እውነትም ልብስ ሰፊ ሁሉ መዶሻ አለው። የእኔ በመስኮቱ ላይ ነበር፤ አላየውም። መኪናው ላይ ያለውን ሱሪ አይቶ «የእኔም ጠርዙ ተተርትሯል» አለና መልሶ አስቀመጠው።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ እኔን አስጠሩኝ። አንድ መጋዘን ውስጥ ያለ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የመዶሻው መዝገብ ተዘርግቷል። ወንድሜ ወንበር ላይ ታስሮ ነበር። እሱ መሆኑን ያወቅሁት በጆሮው ነው። ቀኝ እጁ አብጦ ጓንት የለበሰ ይመስላል፤ ጣቶቹ ወደየአቅጣጫው ዞረዋል።

የሚፈልጉት ፊርማውን ነበር። ጸሐፊው ስብሰባው በሥርዓት ተዘግቷል ብለው ፈርመዋል፤ የቀረው «ተመለሰ» የሚለው ነው። ያ ካልሞላ ሕጉ በገዛ ደንባቸው ሕግ አይሆንም።

ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው መርማሪ ብዕሩን አንሥቶ የወንድሜን እጅ አየና ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ቀኙን የሰበረው ማነው?»

«ምቱት አሉን እንጂ የትኛውን አላሉንም» አለ አንዱ።

«የሚፈርም ሰው እጅ ይሰበራል? እናንተ ከብቶች።» ከዚያ ለወንድሜ «በጣትህ አትም» አለው።

ወንድሜ ለመናገር አፉን ብዙ ጊዜ ከፍቶ ዘጋ። «አሻራ ፊደል ላልቆጠረ ነው። እኔ ቆጥሬያለሁ። ደግሞም መዶሻው አልተመለሰም።»

«የታል ታዲያ?»

«ስብሰባ ላይ ነው።»

በብረት ዘንግ ጉልበቱን መቱት። ድምፁ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። እሱ አልጮኸም፤ እኔ ነኝ የጮኽሁት። ሁለተኛውን ጉልበቱን ሊመቱት ሲሉ «ጋሼ፣ ፈርምላቸው» አልሁት። «እሳቸው እንደ ሆነ ሞተዋል። ለሞተ ሰው ብለህ ነው የምትሞተው? ፈርም በእናታችን።»

በአንድ ዓይኑ አየኝ። የተቆጣ አልነበረም። «እቱ፣ አልዘጉትም እኮ» አለኝ።

ሁለተኛውንም ሰበሩት። ከዚያ በግራ እጁ ብዕር አስያዙትና መዝገቡን አስጠጉለት። ጻፈ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ እንደ ጀማሪ ተማሪ ፊደሉን አንድ ባንድ እየሳለ ነበር። መርማሪው ደስ ብሎት ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ተመለሰ» በሚለው ሥር የተጻፈው «አልተመለሰም» የሚል ነው፤ ከሥሩ ፊርማ አለበት። መርማሪው መዝገቡን ዘግቶ አነሣና በጠርዙ አፉን መታው፤ ደገመው፤ ደጋገመው። ከባድ መዝገብ ነው፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ፊርማ አለበት። እኔን ጎትተው አስወጡኝ። በሕይወት እያለ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሰባት ቀን ቆይቷል።

ከቀብሩ በኋላ ጸሐፊው ቤቴ መጡ። ካፖርታቸው ሥር አንድ ነገር ደብቀው ነበር፤ የእግር መርገጫው ነው። ጠረጴዛው ሥር አስቀምጠውት «እኔ ፈርሜያለሁ» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«አምስት ልጆች አሉኝ።»

«እሱንም አውቃለሁ። እኔም ፈርም ብዬዋለሁ።»

ምሳ አቅርቤላቸው በሉ። ሊወጡ ሲሉ መዝገቡ የት እንዳለ ጠየቅኋቸው። ወንድሜ የጻፈበት ገጽ ቁጥር ስላለውና የሰኞው ስብሰባ ጀርባው ላይ ስለ ተጻፈ ሊቀድዱት አልደፈሩም፤ መዝገቡን ከነቁም ሣጥኑ አሽገውታል። አዳራሹም ተዘግቷል። አዲስ የተሾመው አፈ ጉባኤ በሌላ ሕንፃ፣ በሌላ መዶሻ እየመታ ነው አሉኝ።

«የማክሰኞውን ማን ሊዘጋው ይችላል?» አልኋቸው።

«የከፈተው እጅ። እሱ ከሌለ አባላቱ ራሳቸው፣ ሳይገደዱ፣ የመረጡት ተተኪ።» ቆባቸውን አደረጉና «እንዲህ ያለ ሰው እስከሚመጣ ድረስ» ብለው ሳይጨርሱት ሄዱ።

አረንጓዴው ጨርቅ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ስለ ቀረ ለመዶሻው ሌላ ቀድጄ ዘምዝሜለታለሁ። እግሬ ሲደክመኝ መርገጫው ላይ አሳርፋለሁ። ጂንስ የሚተኛው በራሴ መዶሻ ነው፤ የእሱን አልነካሁትም። በመሳቢያው ውስጥ በክሮቹ መካከል አለ። ሦስቱ ምት አልተመታም፤ የዚያ ማክሰኞ ስብሰባም አልተዘጋም።