የበሬው ስም

ሰው ሁሉ የአያቴን ደግነት ያወራል፤ እኔ ትዝ የሚለኝ በሬ ነው።

አያቴ ዳንግላ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጠው፣ ለሰሊጥ አጨዳ ሱዳን ተሻግረው ያለ ወረቀት ለተያዙ ገበሬዎች ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ከስምና ከቀበሌ ቀጥለው የገበሬውን በሬ ስም ያስገባሉ።

«አባባ፣ ለኢሚግሬሽን እኮ ነው! ለከብት ሐኪም መሰለዎት?» እላቸው ነበር።

«ዝም በይ! መታወቂያው ቢጠፋ የበሬው ስም ይጠፋዋል?»

አንድ ቀን ከድንበር ተደወለ። «ሰውየው መታወቂያ የለውም፤ ግን የበሬዬ ስም ቦራ ነው ብሏል፤ ማመልከቻው ላይም ቦራ ነው። ወደ ቤቱ ልከነዋል።» አያቴ ሳምንት ሙሉ ኮሩብኝ።

አያቴ በተቀበሩ በሳምንቱ ባዶ ወንበራቸውን ከፍርድ ቤቱ በር ላነሣ ብሄድ፣ ባሏ የተያዘባት ሴት ትጠብቃለች። መሞታቸውን ብነግራትም አልሄደችም። ቁጭ ብዬ ስሙንና ቀበሌውን ጻፍኩ። ከዚያ አላስችል አለኝ።

«በሬያችሁ ማን ይባላል?»

«የትኛው?» አለች። «ሁለት ናቸው።»

ሁለቱንም ጻፍኩ።