አትጨፍን እና ባዶው ፍሬም

«ሳልነግረው ሄደ እኮ! ተዘጋጅ ሳልለው!» ፎቶ አንሺው ሜዳውን በጩኸት አናወጠው።

ሳይነገረው የሄደው ክንድ የሚያህል የካርቶን ሮኬት ነው። እሱ እቴ፣ ሮኬቱንም እንደ መታወቂያ ፎቶ ተነሺ ወንበር ላይ አስቀምጦ አገጩን ሊያቃናለት ነው የሚፈልገው።

ሰፈሩ «አትጨፍን» ነው የሚለው። ፎቶ ቤቱ ገብተህ ገና ሳትደላደል «አትጨፍን! አትጨፍን አልኩህ!» ብሎ ያምባርቅብሃል። ሕፃን ያስለቅሳል፣ ሙሽራ ያስበረግጋል። እሱ ያነሳው ሰው ሁሉ አውሬ ያየ ይመስላል። ዓይን ግን አይጨፈንም፤ ኩራቱም እሷው ናት።

ሜዳው ላይ የካርቶን ሮኬት የሚያስወነጭፉት የሰፈሩ የሮኬት ክበብ ሰዎች ፎቶ አንሺ ሲፈልጉ «ለኔ ተዉት» ብሎ ዘው አለ። መስኮቱ ላይ ትልቅ ባዶ ፍሬም ሰቅሎ ለአላፊ አግዳሚው «ሮኬት ነው የሚገባበት» ሲል ከረመ። ያመጣው ፎቶ ግን ሁሉም ጭስ ነው። አንዴ ደግሞ የክበቡን ሊቀመንበር ጫማ አንስቶ አምጥቷል። ጥርት ያለ ጫማ! ሊቀመንበሩም መረረውና «ዛሬም ጭስ ከሆነ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለው። ለዛሬ የቀረው አንድ ሮኬት ብቻ ነው።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ የምታጥበውም የምትቆርጠውም ታናሽ እህቱ ናት። የዚያን ሁሉ ጭስ ፎቶ አጥባ አጥባ ስላንገሸገሻት ዛሬ ሜዳው ድረስ አብራው መጥታለች።

«ጋሼ፣ ትጨፍናለህ እኮ።»

«ማን? እኔ?»

«ሮኬቱ ሿ ሲል ጭፍን! ትከሻህ ደግሞ ጆሮህ ይደርሳል።» አንገቷን ቀብራ፣ ዓይኗን ጨምቃ አሳየችው። ቁርጥ እሱን! የክበቡ ሰዎች በሳቅ ፈረሱ።

«የሰው ዓይን ሳስከፍት የኖርኩ ሰው!»

«እንወራረዳ! አንተ ሮኬቱን አንሳ፣ እኔ በትርፉ ካሜራ አንተን ላንሳ። ከጨፈንክ ፍሬሙ ውስጥ የምትገባው አንተ ነህ።»

«ካልጨፈንኩስ?»

«ሁለተኛ አላሾፍብህም።»

ይቺ አጓጓችው። «በይ ምቺ!» መዳፍ ለመዳፍ ተማቱ።

ሊቀመንበሩ መቁጠር ሲጀምር አትጨፍን ለራሱ «አትጨፍን፣ አትጨፍን» እያለ ሲያጉረመርም ተሰማ። ሿ! ሁለቱም ካሜራዎች ቀጭ አሉ።

«እስቲ ስክሪኑ ላይ አሳየና» አለው ሊቀመንበሩ።

አትጨፍን ያነሳውን በጨረፍታ አየና ካሜራውን ብብቱ ውስጥ ወሸቀ። «መጀመሪያ እሷ ታሳይ።»

«እንዴ ጋሼ! ታላቅ እያለ ታናሽ ይቀድማል? አንተው አይደለህ እንዴ ስትለኝ የኖርከው?» አለች፣ እሷም ካሜራዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ።

ላብ አጠመቀው። ፎቶ ቤቱ በር ላይ፣ ባዶው ፍሬም ፊት ደርሰውም «ቅደሚ»፣ «ኧረ ቅደም» እየተባባሉ ነው።